ሆዱን ትታችሁ አፉን እዩ፦ ጂማ ላይ መዥገርን ከእጭ እስከ ጎልማሳ የመለየት መመሪያ

አንዲት ጎረቤቴ አንድ ጠዋት ላማቸውን አልበው እንደጨረሱ በአጥር በኩል ጠሩኝ። ከላሟ የለቀሙትን መዥገር በነጭ ሳህን ይዘዋል። «ልጄ፣ ይቺ ላም አራት ዓይነት መዥገር ነው ያለባት» አሉኝና በጣታቸው እየለዩ አሳዩኝ፦ የቡና ፍሬ የሚያክል ሰማያዊ-ግራጫ ድብልብል፣ ከኑግ ፍሬ ያነሰ ጠፍጣፋ ቡኒ፣ ከጤፍ የማይበልጥ ተንቀሳቃሽ ነጥብ፣ ጀርባቸው ያሸበረቀና እግራቸው ቀለበት ቀለበት ያለው አምስት ትልልቆች።

ሳህኑን ፀሐይ ላይ አውጥተን በማጉያ መነጽር አየናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አንድ ዘር ሆነው ተገኙ፤ ሴቷ፣ ባሏና ልጆቻቸው። አንድ ዓይነት የመሰሉን አምስቱ ያሸበረቁት ደግሞ ሁለት ዘር ነበሩ። ሴትዮዋ ዓይናቸው አልሰነፈም፣ ደህና አድርገው ነው የለዩት። የለዩት ግን በመጠንና በቀለም ነው፤ መዥገር ደግሞ የሚያታልለው በእነዚህ ሁለቱ ነው።

ሰው ላይ አፍ ይዋሻል፣ ሆድ ያውቃል። መዥገር ላይ የተገላቢጦሽ ነው። ሆዱ ደም ሲጠጣ ይነፋል፣ ከቡኒ ወደ ግራጫ፣ ከግራጫ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። አፉ፣ ጀርባው ላይ ያለው ጠንካራ ጋሻና ዓይኑ ግን በዚያው የዕድሜ ደረጃ እስካለ ድረስ ጠገበም ራበውም አይለጠጡም። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ዕቃና አለቃቀም

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ ጫፉ ሹል የሆነ ወረንጦ፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ የእጅ መነጽር፣ ነጭ ሳህን፣ ክዳኑ የሚገጥም ትንሽ ብልቃጥ፣ 70 በመቶ አልኮል፣ ወረቀትና እርሳስ። በካቲካላ ይሆናል ወይ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። የካቲካላ ጥንካሬ ከቤት ቤት ስለሚለያይ አላምነውም፤ ናሙናው ከተበላሸ ደግሞ ተመልሶ አይገኝም።

እርሳስ ያልኩት በምክንያት ነው። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ሐሙስ ገበያ ውዬ ከደርዘን በላይ ከብት ላይ የለቀምኩትን በየብልቃጡ አድርጌ፣ ስሙን በእስክሪብቶ ጽፌ ከውስጥ ከተትኩ። በማግስቱ አልኮሉ ሰማያዊ ሆኖ ወረቀቶቹ ነጭ ነበሩ። የትኛው ከበሬ፣ የትኛው ከፍየል እንደመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። በእርሳስ ጽፋችሁ ወረቀቱን ከመዥገሩ ጋር ብልቃጡ ውስጥ ክተቱት፤ አልኮል እርሳስን አይነካም።

ስትነቅሉ ሆዱን አትያዙ። ወረንጦውን ከቆዳው ጋር አስጠግታችሁ አፉ የተሰካበትን ያዙና ሳትጠመዝዙ፣ ሳትቸኩሉ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ጋዝ ማፍሰስና ክብሪት ማስጠጋት ይቅር። አፉ ቆዳ ውስጥ ተሰብሮ ከቀረ ለእንስሳው ቁስል ነው፣ ለእናንተም ዋናው መለያ ጠፋ ማለት ነው። በጥፍር መፍረጥም አይገባም። ከመዥገር ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ አለና ጓንት ካለ አጥልቁ፣ ከሌለ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ከአልኮሉ በፊት አንድ ነገር አትርሱ፦ በሕይወት እያለ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ከጀርባውም ከሆዱም። አልኮል ውስጥ ሲሰነብት የጀርባው ጌጥ ይደበዝዛል፣ የእግሩ ቅላትም ይጠፋል። የማጉያ መነጽሩን የስልኩ ካሜራ ላይ ገጥማችሁ ብታነሱ በሚገርም ጥራት ይወጣል።

አንደኛ፦ ጋሻ አለው?

መዥገሩን በሆዱ አስተኙትና ከላይ እዩት። ጀርባው ላይ የሚያብለጨልጭ ጠንካራ ጋሻ ካለና አፉ ከፊት ወጥቶ ከላይ የሚታይ ከሆነ ከጠንካራ መዥገሮች ወገን ነው። ጋሻ ከሌለው፣ ቆዳው እንደ አሮጌ ጫማ የተጨማደደ ከሆነና አፉ ከሆዱ በኩል ተደብቆ ከላይ ካልታየ ለስላሳ መዥገር ነው።

ከለስላሳዎቹ በዶሮ አርቢ ቤት የምትገኘው አርጋስ ፐርሲከስ ናት። ጠፍጣፋ፣ ሞላላ፣ ዙሪያዋን የሚከባት ጠርዝ ያላት ነች። ቀን ዶሮዋ ላይ ብትፈልጓት አታገኟትም። ሌሊት ወጥታ ትጠጣና ተመልሳ በቆጡ እንጨት ስንጥቅና በግድግዳው ቀዳዳ ትደበቃለች። ቀን ዶሮ ላይ ተጣብቀው የሚገኙት እጮቿ ብቻ ናቸው፤ እነሱ ለቀናት አይለቁም። ስለዚህ ዶሮው ንጹሕ ቢመስልም የቆጡን እንጨት ፈንቅላችሁ እዩ። ከዚህ በኋላ የማወራው ስለ ጠንካራዎቹ ነው።

ሁለተኛ፦ ዕድሜው ስንት ነው?

ዘሩን ከመጠየቅ በፊት ዕድሜውን ጠይቁ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ይህን ዘሎ ነው፤ ትንሹን የትልቁ ሌላ ዘር ያደርገዋል።

መዥገር ከእንቁላል በኋላ ሦስት ልብስ ይለውጣል፦ እጭ፣ ኒምፍ፣ ጎልማሳ። እንቁላል የምትጥለው ሴቷ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጠግባ ከከብቱ ትወድቅና ሣር ሥር ወይም ድንጋይ ሥር ገብታ ጥላ ትሞታለች። ሰማያዊዋ መዥገር 2,000 ገደማ፣ ትልቋ ያሸበረቀችው እስከ 20,000 ትጥላለች። እንቁላሉ የተከመረ ቡኒ ፍርፋሪ ይመስላል፤ በዓይን ዘሩን መለየት አይቻልም።

እጩ ስድስት እግር አለው። ይህ የማይሳሳት ምልክት ነው፤ ስድስት ከሆነ እጭ ነው፣ ሌላ ሊሆን አይችልም። ያልጠገበ እጭ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። የመጀመሪያውን ደም ጠጥቶ ቆዳውን ሲጥል አራተኛው ጥንድ እግር ይወጣል፤ ኒምፍ ሆነ።

ችግሩ ያለው ኒምፍና ጎልማሳ ሴት ላይ ነው። ሁለቱም ስምንት እግር አላቸው፣ ሁለቱም ጋሻቸው የጀርባቸውን የፊት ክፍል ብቻ ነው የሚሸፍነው። የጠገበ ኒምፍ ደግሞ ያልጠገበች ሴትን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ገልብጦ ማየት ነው። መዥገሩን በጀርባው አስተኙና ከአፉ ወደ ኋላ፣ በሁለተኛው ጥንድ እግር አካባቢ መሐሉን ተመልከቱ። ጎልማሳ ከሆነ ትንሽ ቅስት መሳይ ስንጥቅ ታያላችሁ፤ የመራቢያ ቀዳዳው ነው። ኒምፍ ይህ የለውም፣ ቦታው ልሙጥ ነው። ወደ ኋላ ያለችውን ሌላዋን ቀዳዳ አይታችሁ እንዳትታለሉ፤ እሷ ፊንጢጣው ናት፣ በሁሉም ላይ አለች።

ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚፈልግ የአፉን መቀመጫ ከጀርባ በኩል ያጉላ። ጎልማሳ ሴት ላይ ሁለት ጎድጎድ ያሉ፣ ወንፊት የመሰሉ ክቦች ጎን ለጎን ይታያሉ። ኒምፍም ወንድም የላቸውም።

ሦስተኛ፦ ወንድ ነው ሴት?

ይህ ቀላል ነው። ጋሻው ጀርባውን በሙሉ ከሸፈነ ወንድ፣ ከፊት ብቻ ከሆነ ሴት። የሴቷ ጋሻ ትንሽ የሆነው ሆዷ መለጠጥ ስላለበት ነው፤ ወንዱ ጠጥቶም ብዙ አይነፋም።

ምክሬ፦ ሁልጊዜ ወንዱን ፈልጉ። ዘሩ የሚጻፍበት ጀርባው በሙሉ ጋሻ ስለሆነ ለማንበብ ይቀላል። ሰዎች ግን የሚለቅሙት ያበጠችውን ሴት ብቻ ነው፤ ትታያለቻ። ከሥሯ ገብቶ የተለጠፈውን ጠፍጣፋ ወንድ ይተዉታል። ያሸበረቀው ትልቁ መዥገር ላይ ደግሞ መጀመሪያ ተሰክቶ ሴቶቹን በጠረኑ የሚጠራቸው ወንዱ ነው፤ ከጡት ሥር ተሰብስበው ካገኛችኋቸው ከመሐላቸው ወንድ አይጠፋም።

አራተኛ፦ አፉ

አሁን ወደ ዋናው ደረስን። ከላይ ሆናችሁ አፉንና አፉ የተተከለበትን መቀመጫ አነጻጽሩ። አፉ ከመቀመጫው በግልጽ ከረዘመ ረጅም አፍ፣ ካልረዘመ አጭር አፍ በሉት። ከዚያ ጥያቄው ይህን ይመስላል።

ረጅም አፍ፣ ጀርባው ላይ ባለ ቀለም ጌጥ፣ እግሩ ቀለበት ቀለበት፦ አምብሊዮማ።

ረጅም አፍ፣ ጀርባው ጌጥ የሌለው ጥቁር ቡኒ፣ እግሩ ግን ነጣ ያለ ቀለበት ያለው፣ ዓይኑ እንደ ዶቃ የወጣ፦ ሃያሎማ። ይህኛው ደረቅና ሞቃት አገር ይወዳል። ጂማ ዙሪያ ካገኛችሁት ከብቱ ከየት እንደተገዛ ጠይቁ። በባዶ እጅም አትንኩት፤ ክሪሚያን-ኮንጎ የተባለውን አደገኛ ትኩሳት የሚያስተላልፈው ይህ ወገን ነው።

አጭር አፍ፣ የአፉ መቀመጫ ግራና ቀኝ ሹል ሆኖ ባለ ስድስት ማዕዘን፦ ሪፒሴፋለስ።

አጭር አፍ፣ መቀመጫው አራት ማዕዘን፣ አፉን ያቀፉት ዳሳሾች ወደ ጎን የተገፉ፣ ዓይን ጨርሶ የሌለው፦ ሄማፊሳሊስ።

ዓይኑ የሚገኘው ጭንቅላት ላይ አይደለም፤ ጋሻው ጠርዝ ላይ፣ በሁለተኛው እግር አካባቢ ነው። ብዙ ሰው አፉ አጠገብ ፈልጎ አጣሁት ይላል። ሌላው ጠቃሚ ምልክት ጀርባው መጨረሻ ላይ ያለው ሽንሽን ነው። የጨርቅ ጠርዝ እንደተሸነሸነ እኩል እኩል የተከፋፈለ መስመር ታያላችሁ። ሴቷ ስትጠግብ ይለጠጥና ይጠፋል፤ ስለዚህ ወንዱ ላይ ወይም ያልጠገበችው ላይ ፈልጉት።

የኛ አካባቢ መዥገሮች

ጂማ ወደ 1,750 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ ዝናቧ የሚረዝም አገር ናት። የቡናው ጥላ፣ የቦዬ ረግረግ ዳር ሣር፣ ከሰቃ መንገድ ግራና ቀኝ ያለው ግጦሽ፣ ሁሉም እርጥበት ይይዛል። እርጥበት ለመዥገር ቤቱ ነው። ከብት ላይ ደጋግማችሁ የምታገኟቸው አራት ናቸው።

ሰማያዊዋ፣ ሪፒሴፋለስ ዲኮሎራተስ። አሮጌ መጻሕፍት ቡፊለስ ይሏታል። እ.ኤ.አ. በ2003 ከሪፒሴፋለስ ጋር ስለተቀላቀለች ሁለት ስም ብታዩ አትደናገጡ። አፏ በጣም አጭር፣ መቀመጫው ባለ ስድስት ማዕዘን፣ እግሯ ቀጭንና ፈዛዛ፣ ሽንሽኑ ደግሞ የለም። ሌሎቹ ሪፒሴፋለሶች ሽንሽን ስላላቸው ይህ ጥሩ መለያ ነው። ወንዱ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ትንሽ ፍጡር ነው፤ ከኋላው ጅራት የመሰለ ሹል አለው። ከከብቱ አንገት፣ ጎንና ሆድ ላይ ታገኟታላችሁ። ከሁሉም የሚለያት ኑሮዋ ነው፦ እጭ ሆና አንዴ ከወጣች ኒምፍም ጎልማሳም የምትሆነው እዚያው ከብት ላይ ነው፣ ሦስት ሳምንት ገደማ። ስለዚህ ሦስቱንም ዕድሜ አንድ ላም ላይ ባንድ ጠዋት መልቀም ይቻላል። የጎረቤቴ ሳህን ላይ የሆነው ይኸው ነው። የደም ሽንት በሽታንና አናፕላዝማ የተባለውን የደም በሽታ የምታመጣው እሷ ስለሆነች፣ ጤፍ የሚያክለውን ነጥብ ትንሽ ነው ብሎ መናቅ አይገባም።

ባለ ቀይ እግሩ፣ ሪፒሴፋለስ ኤቨርትሲ። በባዶ ዓይን የሚለይ ካለ እሱ ነው፦ ጥቁር ጋሻ፣ ብርቱካናማ-ቀይ እግር፣ እንደ ዶቃ የወጣ ዓይን። ጎልማሳውን ጅራት አንስታችሁ ፊንጢጣ ዙሪያ ፈልጉት። እጩና ኒምፉ ግን ያሉት ሌላ ቦታ ነው፣ ጆሮ ውስጥ ጠልቀው። ጆሮ ሳያዩ «ይህ ከብት ትንንሽ የለበትም» ማለት አይቻልም። ፈረስና አህያም ላይ ብዙ ጊዜ አይጠፋም።

ያሸበረቁት ሁለቱ፣ አምብሊዮማ ቫሪዬጋተምና አምብሊዮማ ኮሄረንስ። እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ጂማ ላይ ለይቶ ማወቅ የሚከብደው ይህ ነው። ሁለተኛው ከጥንት የጎሽ መዥገር ነው። እርጥቡ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ላይ ከብት በብዛት ይይዛል፣ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ያን ያህል አይታይም። ስለዚህ ከሌላ አካባቢ የመጣ ሰው ያሸበረቀ ሁሉ ቫሪዬጋተም ይመስለዋል።

የሁለቱም አፍ ረጅም ነው፣ የሁለቱም እግር ባለ ቀለበት ነው፣ ሁለቱም ከጡት፣ ከብሽሽት፣ ከቆለጥና ከደረት ሥር ይሰካሉ። የቫሪዬጋተም ወንድ ጀርባው ብርቱካናማ ሆኖ ዙሪያውን ጥቁር ጠርዝ ይከበዋል፣ ሽንሽኑም ጥቁር ነው። ቀለሙን ብቻ ግን አትመኑ፤ ዓይኑን እዩ። መዥገሩን ወደ ጎን አድርጋችሁ ብርሃን ከጎኑ ሲመጣ ጋሻው ጠርዝ ላይ ተመልከቱ። ቫሪዬጋተም ላይ ዓይኑ እንደ ጥቁር ዶቃ ክብ ሆኖ ጉብ ይላል፣ ዙሪያውም ጎድጎድ ያለ ነው። ኮሄረንስ ላይ ጠፍጠፍ ብሎ ከጋሻው ጋር ይተኛል። ከላይ በቀጥታ ብታዩት ልዩነቱ አይታይም፤ ብርሃኑ ከጎን መሆን አለበት። ሌሎች አምብሊዮማዎችም አገር ውስጥ ስላሉ የመጨረሻውን ቃል ለላብራቶሪ ማይክሮስኮፕ ተዉለት። የጂማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለበት ከተማ ውስጥ ሆኖ የሚያውቅ ሰው አጠገብ የለም ማለት አይቻልም።

ቫሪዬጋተም የልብ ውሃ የሚባለውን የከብት፣ የበግና የፍየል በሽታ ያስተላልፋል። ሰውንም ስለሚነክስ፣ ከንክሻ በኋላ ቦታው ላይ ጥቁር ቅርፊት ያለው ቁስል ወጥቶ ትኩሳት ከተከተለ ሐኪም ጋ ሂዱና መዥገር ነክሶኝ ነበር በሉ። ሳትሉ ብትቀሩ እሱ አይጠይቃችሁም ይሆናል።

ውሻ ላይ የምታገኙት ሌላ ወገን ነው። ጌጥ የሌለው ቡኒ፣ መቀመጫው ባለ ስድስት ማዕዘን፣ ግድግዳ ላይ ሲወጣ የሚታየው ሪፒሴፋለስ ሳንጉዊኒየስ ነው፤ ሦስቱም ዕድሜው ውሻ ላይ ይጠጣል። ዓይን የሌለውና ዳሳሹ ወደ ጎን የተገፋው ከሆነ ሄማፊሳሊስ ነው።

እጭና ኒምፍ ሲያስቸግሩ

እውነቱን ለመናገር፣ እጭን በእጅ መነጽር እስከ ዘሩ ድረስ እለያለሁ የሚል ሰው ካለ አላምነውም። ረጅም አፍ ነው አጭር አፍ እስከሚለው ድረስ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ማይክሮስኮፕ ይጠይቃል። ቦታውም ፍንጭ ይሰጣል፦ ጆሮ ውስጥ የተገኘ አጭር አፍ ከባለ ቀይ እግሩ ልጆች መሆኑን ጠርጥሩ፤ የበግ፣ የፍየል ወይም የከብት እግርና ራስ ላይ የተገኘ ረጅም አፍ አምብሊዮማ ሊሆን ይችላል።

አንድ የምወደው ዘዴ አለ። በደንብ የጠገበ ኒምፍ ካገኛችሁ አትግደሉት። ንጹሕ ብልቃጥ ውስጥ ክተቱ፣ የብልቃጡን አፍ በቀጭን ነጠላ ጨርቅ አስራችሁ በላስቲክ አጥብቁ። ብልቃጡን ከእርጥብ ጥጥ ጋር ክዳን ባለው ሳህን ውስጥ አድርጋችሁ ከፀሐይ ራቅ ያለ ጥላ ቦታ አስቀምጡ። ጥጡ ይድረቅ አይድረቅ በየጥቂት ቀኑ እዩ። መዥገሩ መጀመሪያ ድንጋይ መስሎ ይቀመጣል፤ የሞተ ይመስላችኋል። ከሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት ብልቃጡ ውስጥ ባዶ ነጭ ቅርፊት ታገኛላችሁ፤ አጠገቡ ጋሻው ገና ለስላሳ የሆነ ጎልማሳ ቆሟል። ቀለሙ እስኪጠነክር ጥቂት ቀን ስጡት፤ ከዚያ ከላይ እንዳልኩት አፉን፣ ጋሻውን፣ ዓይኑን እዩ። ይህ የሚሠራው ከእንስሳው ወድቀው ቆዳቸውን መሬት ላይ ለሚጥሉት ነው። ሰማያዊዋ ቆዳዋን ከብቱ ላይ ስለምትጥል አትሆንም። ክዳኑ መጥበቁን ደግሞ ሁለቴ አረጋግጡ፤ ቤት ውስጥ ያመለጠ አንድ አምብሊዮማ የሚፈጥረውን የቤተሰብ ጭቅጭቅ አይቻለሁ።

ስትመዘግቡ

ከእያንዳንዱ እንስሳ የተለቀመው ለብቻው ብልቃጥ ይኑረው፤ ከተቻለ ከእያንዳንዱ የአካል ክፍል። ወረቀቱ ላይ ቀኑን፣ ቀበሌውን፣ የእንስሳውን ዓይነት፣ ከየት የአካል ክፍል እንደተነቀለ፣ ከብቱ በቅርብ የተገዛ ከሆነም ከየት እንደመጣ ጻፉ። ስሙን እርግጠኛ ካልሆናችሁ «አምብሊዮማ፣ ወንድ፣ ዓይኑ ጠፍጣፋ» ብላችሁ ያያችሁትን ብቻ አስፍሩ። ያየውን የጻፈ ሰው ናሙና በኋላ ሊታረም ይችላል፤ የገመተውን የጻፈ ሰው ናሙና ግን ማንም አያርመውም። ጎረቤቴ አሁን መደርደሪያቸው ላይ ሰባት ብልቃጥ አላቸው። ባለፈው ሳምንት ስምንተኛውን ይዘው መጡና ገና ሳልነካው «ዓይኑ ጉብ ያለ ነው፣ አይቼዋለሁ» አሉኝ።